እስካሁን፣ አንተን

ከሃኖቨር በስተደቡብ፣ ሩተ በምትባል መንደር፣
ስሙ ቀይ፣ ገላው ነጭ በሆነ የስኳር ቀይ ሥር ማሳ ዳር፣
ሁለት ቧንቧ ተጋድሟል፣ ስድስት ስድስት መቶ ሜትር፤
አየሩን መጥጠው አውጥተው ባዶነት ያጨቁበት፣
አንድ ጨረር ለሁለት ተከፍሎ፣ ሄዶ የሚመለስበት፣
ሲገናኝም፣ ራሱ ራሱን አጥፍቶ
ጨለማ የሚሆንበት።

ሩቅ፣ እጅግ ሩቅ፣ ሁለት ሙት ከዋክብት ተላትመው
ሕዋው እንደ ሸራ ቢርገበገብ፣
ያኔ ነው ከዚያ ጨለማ ላይ ጭላንጭል የሚነበብ።
እስከዚያ ጨለማው እንዳይቆሽሽ ተረኛ ይመደባል፤
ጨለማ የሚጠብቅ ሰው እዚህ በደመወዝ ይቀጠራል።

የሰሞኑ ተረኛ ቪብከ ናት።
ሦስት ሳምንት ሆኗታል አንድ ነገር እንቅልፍ ከነሳት፤
ስክሪኑ ላይ ድልድይ መሳይ ጉብጠት፣
በጉብጠቱ ላይ ሌላ ጉብጠት።
ኮከብ ነው እንዳትል፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን ይጀምራል፣
ምሳ ሰዓት ላይ ያርፋል፤
እሑድማ ጨርሶ የለም።
ኮከብ ደግሞ ሰንበት አያከብርም።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላል የኛ ሰው፤
ይኼኛው ጆሮ ግን ገና ሲፈጠር
የሚሰማው ባለቤቱን ብቻ ነው።

አንድ ረፋድ ኦርትቪን፣ ባለማሳው፣ ከማሽኑ ወረደ፤
ጭቃ የጠጣ ቦቲውን እየጎተተ ወደ አጥሩ ሄደ።
«ይኼን ሁሉ ዓመት» አላት «ጎናችሁ ስዘራ፣ ስነቅል፤
ለመሆኑ ምን ሰማችሁ?»

«እስካሁን፣ አንተን።»

ሳቅ አልመጣለትም። ቆቡን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀ።
«እኔም ቤት እንዲሁ ነው» አለ። «ፋብሪካው ጭነቴን ይመዝንና
ጭቃውን ቀንሶ ይከፍለኛል።
ጭቃው እኮ የኔው ነው፣ ከአባቴ የተረከብኩት፤
ግን ስኳር አይወጣውም፤ ምን አደርገዋለሁ፣ ተውኩት።»

ጥፋቱ የማሽኑም የእሱም አልነበረም።
መሬት መንቀጥቀጥ ልማዷ ነው፣ በዚያ አትከሰስም።
ጥፋተኛዋ ብሎን ናት፣ ከምስር የማትበልጥ፣
በጥቁሩ መከለያ ጠርዝ በኩል አንገቷን ብቅ ያደረገች፣
ከዋናው ጨረር ያፈተለከ ቅንጣት ብርሃን እየተቀበለች፣
መሬት ባንቀጠቀጣት ቁጥር የራሷን ወሬ ጭናበት
ወደ ጨረሩ የምትመልስ።
ዘግይቶ ይደርሳል፤ ተደባልቆ ይገባል፤ ማን ነህ የሚለው የለም፤
ብርሃን ከብርሃን መካከል ሲቆም አይለይም።

ነጭ ቱታ ለብሰው፣ አፍ አፍንጫቸውን ሸፍነው
ቪብከና ኤኖ ጋኑን ከፈቱት።
ኤኖ ትንፋሹን ዋጠ። በመቆንጠጫ
አንድ ቁራጭ ጥቁር መስታወት፣ ብርሃን ገብቶ የማይወጣበት፣
አስጠግተው የብሎኗን ፊት ጋረዱበት።

ከዚያ ወዲያ የመውጫው በር አለ። አራት መስታወት፣
ብርሃኑ ስምንት ቁጥር እየሠራ የሚዞርበት፤
እርምጃው ከዙሩ ያልገጠመ፣ መልኩ ያልተስተካከለ
ከደጅ ይመለሳል፤ ልኩ የሆነው አለፈ፣ ሌላው ተከለከለ።
ውሃ በወንፊት አይያዝም፤ ብርሃን ግን ይኸው ተነፋ፤
ግርዱም ለብቻው ካሜራ ፊት ተደፋ።

ቪብከ ግርዱን አየችው።
አራት ቅጠል ያለው አበባ። ከዚያ ቀለበት በቀለበት።
ከዚያ ለሁለት የተሰነጠቀ ጨረቃ፣
ከዚያ መልሶ አበባ፣ ስድስት ቅጠል ይዞ፣ ገና ከእንቅልፉ እንደነቃ።
«ኤኖ፣ ና እይ፤ ቆንጆ ነው።»
«ቆንጆማ ነው» አለ፣ ጓንቱን እያወለቀ፣
«ሥራ የሌለው ነገር መዋቢያ ጊዜ አያጣም።»
መልስ አልሰጠችውም።
ፎቶውን ግን አላጠፋችም።

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ኦርትቪን ማሽኑን አስነሣ፤
መስኮቱ ተርገፈገፈ፣ እርሳሷ ከጠረጴዛው ወደቀ፤
ስክሪኑ ላይ ጉብጠት የለም።
ኮከብም አልመጣም።
መዝገቡ ላይ «ምንም» ብላ ጻፈች።
ከዚህ በፊትም ምንም ብላ ታውቃለች፤
ያኛው ምንም ግን ጭቃ ነበረበት፣
ይኼኛው ታጥቦ የተሰጣ ምንም ነው፣ ጆሮ የሚጣልበት።

ተረኛው ሲቀይራት በብስክሌት ወጣች።
የኅዳር ጭጋግ ማሳው ላይ ተኝቷል፤
የፊት መብራቷ መንገዱ ጋ ሳይደርስ በየጠብታው ይበተናል፣
ግማሹ ወደ ጉንጯ ይመለሳል፣ ግማሹ ቦዩ ውስጥ ይገባል፣
ከማሳው መሀል የኦርትቪን መብራት መጥቶ ይቀላቀላል።
የትኛው የማን እንደሆነ
አልለየችም። ፔዳሏን ረገጠች፣
ሁሉንም እያስገባች።